ስድስት ዓመት ያረጀ ጣሪያ

ታኅሣሥ 6

ዛሬ በልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አንሶላ ተኮስሁ። ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ስለነበረኝ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድሁ። ከመስኮቱ ሥር ያለው ኮምፒውተር የእኔ ሆኗል ማለት ይቻላል፤ ማውሱ ወደ ግራ ስለሚሸሽ ሌላ ሰው አይፈልገውም። ሃያ ሰባት ጣሪያ፣ አንድ ወንዝ፣ አንድ ጠመዝማዛ መንገድ ሣልሁ።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ይከፈታል። በፎቶው ላይ የሚታየውን ቤት ማዕዘን በማዕዘን ጠቅ እያደረጉ መክበብ፣ መንገዱን በመስመር መከተል። ካርታ የሌለው አገር እንዲህ ካርታ ይወጣለታል። ሁሉም በበጎ ፈቃድ።

አብሮኝ የሚኖረው ሹፌር ይስቅብኛል። የዳቦ መኪና ነው የሚነዳው።

«አሥር ዓመት ስነዳ አንድ ቀን ካርታ ገልጬ አላውቅም። አንተ እግርህ ላልረገጠው አገር መንገድ ታወጣለህ። ምን ነክቶህ ነው?»

ምን ነክቶኝ ነው? አንሶላ ስተኩስ ሐሳቤ አይቆምም፤ ከቤት እስከ ሥራ፣ ከሥራ እስከ ቤት ይዞራል። ጣሪያ ስከብ ግን ይቆማል። 

ለቤተ ሰቦቼ «ቢሮ ነው የምሠራው» ብያለሁ። በስልክ ስንነጋገር ወደ ልብስ ማስጫው ግቢ እወጣለሁ… የማሽኑ ጩኸት እንዳይሰማ።

ታኅሣሥ 9

መምህሯ አዲስ ሥራ ይዘው መጡ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ እኛን በጎ ፈቃደኞቹን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ስመዘገብ «ስንተኛ ክፍል ደርሰሃል?» ብለውኝ ነበር። «አራተኛ» ስላቸው «መስመር ለመሣል ይበቃል» አሉና ወንበር ሳቡልኝ።

አንድ ተራራማ አካባቢ ኩፍኝ ገብቷል አሉ። ክትባት ሰጪዎች በእግር መንደር ለመንደር ሊዞሩ ነው። አካባቢው በካሬ በካሬ ተከፍሏል፤ ለአንድ ካሬ አንድ ቀን። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ነው የሚሄደው፤ በረዶው ከቀለጠ ቡድኑ ይመለሳል። ካርታው ጥር 20 ይታተማል፤ ጥር 23 ጉዞ ይጀመራል።

«ካርታው ላይ ያልተሣለ ቤት አይንኳኳም» አሉ።

የካሬዎቹን ዝርዝር ሳይ አንዱን አወቅሁት። እጄን አወጣሁ። እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም።

«ያ ካሬ ለእኔ ይሰጠኝ።»

«ምነው?»

«የተወለድሁበት ነው።»

ታኅሣሥ 10

አገኘሁት! ሸለቆው፣ ወንዙ፣ ድልድዩ፣ ከቤታችን በስተጀርባ ያለው ትልቁ ዛፍ… ጥላው ሳይቀር አለ። ቤታችን ከላይ ሲታይ የጥፍሬን ያህል ነው። ስክሪኑን በጣቴ ነካሁት፤ የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ «አይነካም» አለኝ።

ጣሪያው በፎቶው ላይ ሣር ነው። ባለፈው ክረምት ግን በስልክ ስናወራ ዝናቡ ሲደልቅ የቆርቆሮ ድምፅ ሰምቼ ነበር፤ እማዬም «አዎ፣ ቆርቆሮ አለበስነው» ብላኛለች። ስለዚህ «ቆርቆሮ» ብዬ ሞላሁ። ፎቶው የማያውቀውን እኔ አውቃለሁ ብዬ ደስ አለኝ።

አርባ አንድ ቤት። ከሥሩም «ተረጋግጧል። የትውልድ መንደሬ ነው።» ብዬ ጻፍሁ።

የሁላችንን ሥራ የሚያርም አንድ ሰው አለ፤ ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ስሙን «ንሥር» ብሎ አስመዝግቧል። ወዲያው መለሰልኝ። «የቦታው ሰው ካረጋገጠ እኔ ምን እጨምራለሁ? ካሬው ተዘግቷል። እናመሰግናለን።»

ለእኔ ነው «እናመሰግናለን» የተባለው።

ታኅሣሥ 11

ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፣ ደወልሁ። ከእኔ በስምንት ዓመት ትበልጣለች፤ እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች እሷ ናት። አሁን የራሷን ልጅ ታዝላለች፤ አሥር ወሯ ነው፤ አላየኋትም።

«እትዬ፣ ቤታችንን አየሁት።»

«ምኑን?»

«ቤታችንን። ከሰማይ በተነሣ ፎቶ። ዛፉን፣ ድልድዩን…»



«ዛፉን አየኸው?»

«ጥላውን ሳይቀር!»

«ተመስገን ነው… ደህና ነን። ሁላችንም ደህና ነን።»

ደህና ናችሁ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም እኮ። ታዲያ ለምን መለሰችልኝ? 

ታኅሣሥ 13

አንድ አንሶላ አቃጠልሁ። በስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ።

ታኅሣሥ 16

መምህሯ ከኋላዬ ቆመው የትውልድ መንደሬን ካሬ ሲያዩ ቆዩ።

«የፎቶውን ቀን አይተኸዋል?»

ከታች በግራ ጥግ፣ ጉንዳን በሚያህሉ ፊደላት፣ ተጽፏል። አይቼው አላውቅም። ፎቶው የተነሣው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ወሩ ደግሞ… እኔ ከቤት የወጣሁበት ወር። ምናልባት ከዚያ ጣሪያ ሥር ሻንጣዬን እያሰርሁ ነበር።

«አርጅቷል። ቢሆንም አንተ ታውቀዋለህ፣ አይደል?» አሉኝ።

አውቀዋለሁ ልል አፌን ከፈትሁ። ምን አውቃለሁ? ፎቶው ከተነሣ ወዲህ ያለውን እኔም አላየሁም። እኔና ፎቶው እኩያሞች ነን። አፌን ሳልዘጋ ስላዩኝ ይሆናል፣

«ደውል» አሉኝ ቀስ ብለው።

ታኅሣሥ 17

በምሳ ሰዓት ከግቢው ደወልሁ። ዙሪያዬን እርጥብ አንሶላ ተሰቅሏል። የምጽፈው እንዳልረሳው ነው… እንደምረሳው ሁሉ።

እንዳትደነግጥ ከዳር ጀመርሁ፤ ክትባት ሰጪዎች ሊመጡላችሁ ነው አልኋት።

«እሰይ! ከወንዝ ማዶ ሁለት ልጆች ኩፍኝ ይዟቸዋል እኮ። መቼ ነው?»

«ጥር 23። በካርታ ነው የሚመጡት።»

«በየትኛው ካርታ?»

«እኔ በሣልሁት።»

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልሁ።

«በእሱ ከመጡማ እኛን አያገኙንም» አለች።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ዘረገፈችው። የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ተራራው ተናደ። ቀን ነበር፤ ሰዉ ማሳ ላይ ስለነበረ ተረፈ። ቤቱም፣ ዛፉም፣ ድልድዩም የለም። ወንዙ ራሱ ቦታ ለውጧል። መንደሩ በሙሉ ወደ ላይ፣ ወደ ሸንተረሩ ወጥቶ ሰፍሯል።

«ሰውስ?»

«የወፍጮ ቤቱ ባለቤት እናት። ነፍስ ይማር። አባባ ጀርባውን ተመትቶ ነበር፤ አሁን ይሄዳል።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ! ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ብንነግርህ ምን ልትፈጥር? ቢሮህን ጥለህ ልትመጣ? እማዬ ናት የከለከለችን። ያ ልጅ ሆደ ባሻ ነው፣ በሰው አገር ሰግቶ ይሞትብኛል አለች።»

«ቆርቆሮውስ?»

«ቆርቆሮው እውነት ነው። ቤቱ ነው ሌላ።»

አንዱን አንሶላ ጨምድጄ ይዤ ነበር። ድጋሚ መታጠብ ነበረበት።

ክትባት ሰጪዎቹ የእትዬን ልጅ የሚፈልጓት እኔ «ተረጋግጧል» ያልሁበት ባዶ ሸለቆ ውስጥ ነው። በረዶው እዚያ ይቀልጣል።

ታኅሣሥ 18

ካሬው እንዲከፈትልኝ ለንሥር ጻፍሁ። የጻፍሁትን አራት ጊዜ ካነበብሁ በኋላ ላክሁት። መልሱ እነሆ፤

«ካሬውን ያረጋገጡት እርስዎ ነዎት። ሥራዎ ከፎቶውም ጋር ይስማማል። አሁን ደግሞ መንደሩ የለም ይላሉ፤ እኛ የምናየው ግን አለ። በቃል ብቻ አርባ አንድ ቤት ማንሣት አልችልም። ማስረጃ ያምጡ።»

ተናደድሁ። ከዚያ ደግሞ አንብቤው እውነቱን ነው አልሁ፤ ይህኛው ንዴት የባሰ ነው።

ለሹፌሩ ነገርሁት። «ሞኝና ወረቀት የያዙትን አይለቁም» አለ ዳቦውን እየቆረሰ።

«ሞኙ ማን ነው?»

«ወረቀቱ እሱ ነው። ሞኙን አንተ ፈልገው።» ሳቀና ፊቴን ሲያይ ተወው። «ስማ፤ መንገድ ሲዘጋ ሹፌር ክላክስ አይነፋም። ወርዶ በእግሩ ያያል።»

«እኔ በየት በኩል ልውረድ?»

«እግር ያለው ሰው እዚያ የለህም?»

አለኝ። እንዴት ሳላስበው ቀረሁ?

ታኅሣሥ 23

መምህሯ አዲስ ፎቶ አገኙ። ባለፈው ክረምት የተነሣ። ዘለልሁ! ግን ከወንዙ ዳርቻ በላይ ያለውን ሸንተረር በሙሉ ደመና ሸፍኖታል፤ እንደ ተነጠፈ አንሶላ ነጭ ብቻ። እንኳን ቤት ተራራም አይታይም። በአንድ ጥግ በኩል ብቻ ደመናው ተቀዶ ሦስት የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ታዩ።

ሦስት ቆርቆሮ። ስንት ጊዜ ቆጠርኋቸው።

ሌላም ችግር አለ፤ ሁለቱ ፎቶዎች ልክ ለልክ አይገጥሙም። አንዱ ከሌላው ሃያ ሜትር ያህል ይንሸራተታል። በወንዙ እጥፋት ላስተካክል ሞከርሁ፤ ግን ወንዙ ራሱ ተንቀሳቅሷል! ግማሽ ቀን እንዲሁ ባከነ። በመጨረሻ ልጅ ሆነን እንንሸራተትበት የነበረው ትልቁ ቋጥኝ ትዝ አለኝ። በሁለቱም ፎቶ ላይ አለ። እሱን ከእሱ ጋር ገጠምሁት።

ጥር 2

ዘመናዊ ስልክ ያለው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ብቻ ነው። እናቱን የቀበረ ሰው ነው… እንዴት ብዬ እንደምለምነው ሳብሰለስል እትዬ ቀድማኝ ለምናዋለች። ስልኩ ያለበትን ቦታ በቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩ የሚወጣው ግን ኢንተርኔት ካለባቸው ሦስት ጉብታዎች ላይ ብቻ ነው። ከሦስቱ መካከል ያለው ቤት ሁሉ በእርምጃ ይቆጠራል ተባባልን።

አባባ ስልኩን ነጠቃት።

«አንተ ልጅ፣ ካርታ ምን ያደርጋል? አፍ የላቸውም? ጠይቀው አይመጡም?»

«አባባ፣ ማንን ይጠይቃሉ? ሸለቆው ውስጥ ሰው የለም።»



«…እሱስ ልክ ነህ። እኔ እቆጥራለሁ። እህትህ መንገድ ላይ ከሰው ጋር ስታወራ ቁጥር ይጠፋባታል።»

«ኧረ አባባ!» ስትል ከኋላ ሰማኋት።

ጥር 5

ከመጀመሪያው ጉብታ እስከ ሁለተኛው አራት መቶ ሜትር ነው። አባባ ስድስት መቶ አርባ ቆጠረ። እርምጃው ስድሳ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ሆነ ማለት ነው።

ልጅ ሳለሁ ከእሱ ጋር ስሄድ እሮጥ ነበር።

ጥር 9

ፎቶዎች ደረሱ። እያንዳንዱ ባለቤት በሩ ላይ ቆሟል። አንዳንዱ የክት ልብሱን ለብሷል፤ ከከተማ ሰው ሊያያቸው ነው ብላ እትዬ አስወርታለች።

አሥራ ሰባተኛው የእኛ ነው። እማዬ በሩ ላይ። ከስታለች። የሻሿ ቀለም ያው የድሮው ነው። የበሩ ሳንቃ ከአሮጌው ቤት የተረፈ መሆኑን አወቅሁት፤ እኔ በቢላ የፈለፈልሁት ጠባሳ አለበት።

ሣልሁት። አራት ማዕዘን፣ ቆርቆሮ።

ጥር 12

ሃምሳ ሦስት ቤት ሆነ። ነገር ግን መንገዱ… ድልድዩ ከሌለ በየት ይሻገራሉ? በአሮጌው መንገድ ከመጡ ገደል አፋፍ ላይ ነው የሚደርሱት። እትዬን ጠየቅኋት።

«በድንጋዩ ነዋ!»

«በየትኛው ድንጋይ?»

«ሁሉም የሚሻገርበት ድንጋይ! አታውቀውም እንዴ?»

«አላውቀውም፣ እትዬ። የት አውቄው?»

አሰበችና ከመጀመሪያው ነገረችኝ። ከቋጥኙ ወደ ላይ ግማሽ ሰዓት፤ ሰባት ድንጋይ በተርታ፤ አራተኛው ይነቃነቃል። ሰባቱንም አስገባሁ። ስለ አራተኛው ማስጠንቀቂያ ጻፍሁ።

ጥር 14

ላክሁ። ሁለቱንም ፎቶ፣ ሦስቱን ነጥብ፣ የእርምጃውን ስሌት፣ ሃምሳ ሦስቱን በር። ከሁሉ በላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጥሁ፦ «ሳላረጋግጥ ተረጋግጧል ብዬ ነበር፤ ስሕተቱ የእኔ ነው።» ሦስት ጊዜ አጥፍቼው ነበር። ግን ጻፍሁት።

ጥር 17

መልስ የለም። ለመታተም ሦስት ቀን። መምህሯ በስልክም ሊያገኙት እየሞከሩ ነው። ካልመለሰ በአካል የት እንደሚገኝ ጠይቄ እሄዳለሁ።

ጥር 18

መለሰ!

«ደመናው ጥግ ላይ ያሉት ሦስት ጣሪያዎች ከእርምጃዎ ስሌት ጋር ከአራት ሜትር ባነሰ ልዩነት ገጠሙ። በእርምጃ የተለካ ካርታ ሳርም የመጀመሪያዬ ነው። ካሬውን ከፍቼ ሃምሳ ሦስቱን ቤት አስገብቻለሁ። ታዲያ የታችኞቹ አርባ አንድ ቤቶች ካልተነሡ ቡድኑ ቀኑን ለሁለት ከፍሎ ወደ ሸለቆውም ይወርዳል። ያረጋገጡት እርስዎ ስለሆኑ የሚያነሧቸውም እርስዎ ነዎት።»

ጥር 19

አርባውን አነሣሁ። የወፍጮ ቤቱን ሳነሣ ስለ እናቱ ነፍስ ይማር አልሁ።

አንዱ ቀረ፤ የእኛ። ወጥቼ ፊቴን ታጠብሁ፤ ተመለስሁ። የዛፉ ጥላ በጠዋት ፀሐይ ወደ ግቢው ተዘርግቷል። ከቤት በወጣሁበት ጠዋት እማዬ በሩ ላይ ቆማ «ስትደርስ ደውል» ብላኛለች።

ከፎቶው ላይ አይጠፋም። ካርታ ይዞ ግን ሰው ወደዚያ መሄድ የለበትም።

አነሣሁት። «ካሬው ተጠናቋል» አለ ኮምፒውተሩ።

ጥር 23

ዛሬ ነው። ስልኬ በደረት ኪሴ። አንድም አንሶላ አላቃጠልሁም፤ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ አየሁት።

ጥር 24

መጥተዋል! ትናንት ረፋድ ላይ በድንጋዩ ተሻገሩ። በረዶው አልቀለጠም። ሃምሳ ሦስቱም በር ተንኳኳ።

ልጅቷ መርፌው ሲነካት መንደሩን አናወጠችው አለች እትዬ፤ እንዳምን ብላ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችልኝ። አሁንም ታኮርፋለች። የእህቴን ልጅ ድምፅ የሰማሁት ስታለቅስ ነው።

የቡድኑ መሪ ወረቀቱን ይዞ «ማን ነው ይህን የሠራው? የሚነቃነቀው ድንጋይ ሳይቀር አለበት» ብሎ ጠየቀ። አባባ «ልጄ ነው» አለው፤ «ቦታውን ግን አይቶት አያውቅም።»

ሹፌሩ ይህን ሲሰማ ዳቦው ትን እስኪለው ሳቀ።

የካቲት 3

አዲስ ካሬ ተሰጠኝ፤ የማላውቀው አገር። ፎቶውን ከመክፈቴ በፊት የግራውን ጥግ አየሁ፤ አራት ዓመት። መምህሯን «እዚያ ስልክ የሚያነሣ ሰው እናገኝ ይሆን?» አልኋቸው። ሰው እየፈለጉ ነው፤ እኔ ጣሪያዎቹን ጀምሬያለሁ። «ተረጋግጧል» ግን አላልሁም።

የካቲት 5

እትዬ በሥራ ሰዓት ደወለች። እንደ ልማዴ ወደ ግቢው ልሮጥ ተነሣሁ።

«እንዴት ናችሁ?»

«ደህና ነን» አለችና አቋረጠች። «አይ፣ ቆይ። አባባ ጠዋት ጠዋት መነሣት ያቅተዋል። ጣሪያው በምሥራቅ በኩል ያፈሳል። ልጅቷ ሁለት ጥርስ አወጣች፤ እኔንም ነከሰችኝ። እማዬ ደህና ናት፤ ይሄ እውነት ነው።»

በሩ ላይ ደርሼ ነበር። እጄ መያዣው ላይ ቀረ።

«እትዬ… እኔም ቢሮ አይደለም የምሠራው። አንሶላ ነው የምተኩሰው። ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ከመጣሁ ጀምሮ።»

ትስቃለች! ከልቧ ትስቃለች።

«ወይ አንተ ልጅ! ማሽኑ ስድስት ዓመት ሙሉ በስልኩ ውስጥ ሲያጓራ አንሰማም መሰለህ? አባባ ምን እንደሚል ታውቃለህ? ይሄ ቢሮ ወፍጮ አለው እንዴ ይላል።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

«ትሰጋለህ ብለን።»

በሩን ተውሁት። ወደ መተኮሻዬ ተመልሼ፣ እንፋሎቱ እየጮኸ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ስለ ሁለቱ ጥርሶች ጠየቅኋት።